በሦስተኛው ቀን አፉ ይከፈታል

ኢሳፊዮርዱር፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2023
በጋዜጣው የመታሰቢያ ገጽ ላይ የወጣ

ኦርቫር፣

የጋዜጣው ሰዎች ከሦስት ሺህ ፊደል በላይ አንቀበልም ስላሉ ብዙውን ነገር ታውቀዋለህ ብዬ እዘለዋለሁ። መቼ እንደተወለድክ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ እናታችን ከላይ በትንንሹ አስጽፋዋለች። ዛሬ ከቀትር በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንሄድልሃለን። ሣጥን የለም። ባሕሩ እስካሁን አልመለሰህም። ቄሱ "ሣጥን ከሌለ አበባውን የት እናድርገው?" ብለው ሲጠይቋት እናታችን "ጊታሩ ላይ" አለች። አንተ ብትኖር ትስቅ ነበር። እሷ የጊታሩን ክሮች ፌብሩዋሪ ላይ በጣጥሰህ እንደጣልካቸው አታውቅም።

በዚህ ገጽ ላይ ሰው ሁሉ የሞተበትን ሰው ሳቂታ ነበር ይለዋል። አንተ ጠዋት ሳቂታ አልነበርክም። ገንፎ ስታማስል ካናገርኩህ "ማማሰያው ይናገራል" ትለኝና ታስፈራራኛለህ። ከዚያ የዓሣ ጉበት ዘይቱን በማንኪያ ይዘህ ትመጣለህ።

"ክፈት።"

"አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ።"

"አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው አፍም ይከፈታል። ክፈት።"

ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነበርክ። አውሮፕላኑ ካረፈ ጋዜጣው ይመጣል። ጋዜጣው ከመጣ ወንበር ላይ ትቆምና የጋዜጠኛዋን የጌርዱርን ዓምድ በጌርዱር ድምፅ ታነብልኛለህ። "በዚህ ሳምንት ማንን በላች?" እልሃለሁ። አንድ ቅዳሜ ሚኒስትሩን ከነሹራቡ በላችው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ፍል ውኃ ውስጥ ተቀምጠው በቴሌቪዥን የሚጨቃጨቁትን ባልና ሚስት በላች፤ ሌላ ጊዜ ነጭ ድብ የት ነው እያሉ የሚዞሩትን ቱሪስቶች። አንብበህ ስትጨርስ አንዳችን ለተበላው ሰው ጠበቃ እንቆማለን፤ ጨዋታችን ይህ ነበር። ሚኒስትሩን በነጻ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ። "ትናከሳለች፣ ግን ጥርሷን ትቦርሻለች" ትል ነበር። ትወዳት ነበር።

ፌብሩዋሪ ላይ ተራው ያንተ ሆነ። ያን ብርቱካናማ የዓሣ አጥማጅ ቱታ ለብሰህ በቴሌቪዥኑ የዘፈን ውድድር ላይ ዘፈንክ፤ በመጀመሪያው ዙር ወደቅክ። ቅዳሜ ጌርዱር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ባሕሩ ይህን ድምፅ ቢሰማ ኖሮ ዓሣው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ኖርዌይ በገባ ነበር።" የዚያን ቀንም ወንበር ላይ ቆመህ በድምጿ አነበብከው። ስትጨርስ ወደኔ አየህ። ጠበቃ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ስምህ ጠፋ። "ጭንቅላቱ" ሆንክ። ሊደርቅ የተሰቀለ የዓሣ ጭንቅላት፤ በሦስተኛው ቀን አፉ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። አገር ሁሉ በስልኩ ተቀባበለው። በሙዚቃ ትምህርት ቤት የምታስተምራቸው ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው በር ላይ ይጠብቁህ ጀመር። ወደቡ ላይ ያለው፣ አጥማጆች መንጠቆ የሚያዘጋጁበት መንጠቆ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሰው በጥቁር ቀለም ጻፈው፤ በየቀኑ በሥሩ ታልፍ ነበር። ሜይ ላይ ትምህርት ቤቱን ለቀህ የዓሣ አጥማጁ የሙንዲ ጀልባ ላይ ተቀጠርክ። ኖቬምበር ዘጠኝ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሙንዲን አወጡት።

እስከዚያ ሳምንት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንበብህን አልተውክም። ስትጨርስ ግን "ማንን በላች?" የሚለው ጨዋታ ቀርቶ "አንተ ብትሆን ከሥሩ ምን ትጽፍ ነበር?" ትለኝ ነበር። "ምንም" እልህ ነበር።

በመታሰቢያ ገጽ ላይ በሕይወት ያለ ሰው መውቀስ ነውር ነው ይላሉ። ይሁን። ጌርዱር፣ ሁሉን ነገር ያነባሉና ይህንንም ያነባሉ። ወንድሜን ወደ ባሕር የላኩት እርስዎ ነዎት። ይህንን በዓምድዎ ላይ፣ በስምዎ ይጻፉት።

ወንድምህ ሶልቪ


ኢሳፊዮርዱር፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2023

ለጌርዱር፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ አልጠይቅም። አራቱን ቀን አውሮፕላን አልነበረም፤ የቀረውን ሆን ብዬ ነው የቆየሁት።

አይ፣ መታሰቢያውን ስጽፍ የረዳኝ ሰው የለም። እናቴም ያየችው እንደማንም ሰው በጋዜጣው ላይ ነው። በአሁኑ ሰዓት እኔ ዘንድ ናት። ቤታችን ያለው በተራራው ሥር ከሚያልፈው የመኪና ዋሻ ወዲያ ባለ መንደር ነው፤ እኔና ኦርቫር ግን ለትምህርቴ ስንል እዚህ ከተማ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። የመታሰቢያ ጸሎቱ ቀን ጠዋት ጋዜጣውን አንብባ አጠፈችውና ለእኅቷ "ቤተ ክርስቲያን ገብተን እስክንወጣ እንኳ አልጠበቀም" አለቻት። እኔን ግን ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን "ካልሲህን ለውጥ" አለችኝ፤ እንግዲህ ታርቀናል ማለት ነው።

ለምን በስልክ አንነጋገርም ላሉኝ፣ ድምፅዎን አውቀዋለሁ። ኦርቫር ከእርስዎ በተሻለ ያወጣው ነበር።

ከዘጠኝ መቶ ቃል ውስጥ እሱን የነካችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት ብለዋል። መንጠቆም አንዲት ናት።

የዓሣ ጭንቅላት በርዎ ላይ የሚሰቅሉት እነማን እንደሆኑ አላውቅም። እኔ አልላክኋቸውም። ለመሆኑ ሬይኪያቪክ ውስጥ ያን ሁሉ ጭንቅላት ከየት ያመጡታል? እዚህ ቢሆን እሺ። ጎረቤትዎ ሽታውን ጠልተው ለፖሊስ መደወላቸውን ጽፈውልኛል። የጻፉልኝ እንዳዝንልዎ ከሆነ አላዘንኩም።

ይቅርታ ይጠይቁኝ አላልኩዎትም፤ ስለዚህ በደብዳቤው መጨረሻ ያለውን ይቅርታ መልሰው ይውሰዱት። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቅዳሜ በዓምድዎ ላይ በስምዎ "እኔ ነኝ" እንዲሉ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ጋዜጣውን ትገዛለች። ታነባለች ብዬ ነው።

ሶልቪ


ሬይኪያቪክ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 2023

ሶልቪ፣

መጀመሪያ ስለ "እርስዎ"። በዚህ አገር እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ሰው ካየሁ ሃምሳ ዓመት ይሆነኛል። ፕሬዚዳንቱንም፣ ጥርስ ሐኪሜንም አንተ ነው የምለው። ስለዚህ የጻፍክልኝ ስድብ መሆኑ ገብቶኛል። ጥሩ ስድብ ነው። ተቀብያለሁ።

ሦስት ቅዳሜ ዓምዴ ባዶ መሆኑን አይተህ ይሆናል። አዘጋጁ "ትንሽ እረፊ" አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚኒስትር ሲደውልለት "አትንኩብኝ" ያለ ሰው ነው። አሁን ደዋዩ ሚኒስትር አይደለም፤ አርባ ሺህ ሰው ነው። የአንተ መታሰቢያ በዚያ ሳምንት በአገሩ ከተነበበው ነገር ሁሉ በላይ ተነቧል። ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። በሙያዬ ስናገር ጽሑፉ ጥሩ ነው። የጊታሩን ነገር እኔ ብሆን አልደፍረውም ነበር።

ስለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትክክል ነህ። ባለፈው ደብዳቤዬ የጻፍኩት የፈሪ መልስ ነበር። ሰው ስነክስ የኖርኩት ነክሼ ስለምለቅ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነው። ቅዳሜ እነክሳለሁ፣ ሰኞ ሁሉም ይረሳል። ኢሳፊዮርዱር ውስጥ ሰኞ እንደማይመጣ አላሰብኩም። ሁለት ሺህ ምናምን ሰው ባለበት ከተማ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ መዋኛ፣ አንድ ወደብ።

አንድ ነገር ግን ሳላነሳው ብቀር ውሸት ይሆንብኛል። የጭንቅላቱ ነገር የኔ አይደለም። በመታሰቢያህ ላይ ከጽሑፌ አጠገብ ስላስቀመጥከው ሰው ሁሉ የኔ መስሎታል፤ ጭንቅላቱም የሚሰቀለው ለዚያ ነው። እሱን የጻፈው በጋዜጣው ድረ ገጽ ላይ ከዓምዴ ሥር "ሰሜን ነፋስ" የሚል ስም ይዞ አስተያየት የሰጠ ሰው ነው። አሁን ጋዜጣው የዚያን ቀን አስተያየቶች በሙሉ ስላጠፋቸው የለም። ይህን የምልህ ልሸሽ ብዬ አይደለም። ሜዳውን የጠረግኩት እኔ ነኝ።

የጠየቅከኝን ጽፌዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ለአዘጋጁ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኦርቫር ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ለኔ ደብዳቤ ጽፎ እንደነበር ታውቃለህ? የሱን ደብዳቤ ለማንም፣ በተለይ ለአንተ እንዳላሳይ ለምኖኝ ነበር። አሁን ግን ልመናውን ማክበር የቱ እንደሆነ አላውቅም።

መልካም ገና አልልህም። ለእናትህ ግን ሰላምታዬን ማቅረብ ከተፈቀደልኝ አቅርብልኝ።

ጌርዱር


ኢሳፊዮርዱር፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2024

ለጌርዱር፣

ሰላምታዎን ለእናቴ አላቀረብኩም።

ደብዳቤ ጻፈልኝ ያሉትን መጀመሪያ አላመንኩም። ለማን ምን እንደሚጽፍ አውቅ ነበር። የአልጋችን ግድግዳ አንድ ነው፤ ሲያንኮራፋ እንኳ በምን ዜማ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሙንዲ ጋ ሄድኩ። አሁን ጀልባ ስለሌለው መንጠቆ ቤቱ ውስጥ ለሌሎች ጀልባዎች መንጠቆ ላይ ዓሣ ሲሰካ ይውላል። ከሁሉም ይፈጥናል።

"ሙንዲ፣ ኦርቫር ደብዳቤ ይጽፍ ነበር?"

"ፖስታ ቤት አብሬው ሄጃለሁ እንጂ! ኧረ በስንት ዘመን ቴምብር ሲላስ አየሁ። 'ለማን ነው፣ ለሚስት ነው?' አልኩት። 'ለተናካሽ' አለኝ። እኔም 'ያው ነው' አልኩት።" ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመና "ምነው ልጄ፣ ምን ተገኘ?" አለኝ።

"ምንም።"

"ምንም ካልክ ምንም ነው። ና እዚህ ተቀመጥና የአንዱን ገመድ መንጠቆዎች ስካ፤ ጭንቀቱ ይለቅሃል።"

ሙንዲ ለኔ እንዲህ ነው። ጀልባዋ ከተገለበጠችበት ቀን ወዲህ ባየኝ ቁጥር ልጄ ይለኛል፤ ሁለት ጊዜም ሾርባ ይዞ ቤት ድረስ መጥቷል። ከውኃ ሲያወጡት መጀመሪያ የተናገረው "ልጁን፣ ልጁን" የሚል ነበር አሉ። የመታሰቢያ ጸሎቱ ዕለት እናቴን ማየት አቅቶት ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ኮፍያው በረዶ እስኪሞላ።

ስለዚህ ደብዳቤው እውነት ነው። ይላኩልኝ። "በተለይ ለአንተ" ያሉትን ሳላነበው ብተወው ኖሮ ይሻል ነበር፤ አሁን ግን እርስዎ ጽፈውታል። አንዴ ከተጻፈ ተጻፈ።

ሰሜን ነፋስ ስላሉት ሰው፣ እዚህ የሰሜን ነፋስ ሁልጊዜ ነው የሚነፍሰው። ማን እንደሆነ አላውቅም። እርስዎ ሜዳውን ጠረጉ፣ እሱ ገብቶ ጨፈረ። ለኔ ልዩነት የለውም።

በክረምቱ ከተራራው ጀርባ ተደብቃ የምትቆየው ፀሐይ በምትመለስበት ቀን ማታ እናቴ ወደ መንደር ትመለሳለች። ዓሣ ፋብሪካው ከዚያ በላይ ፈቃድ አልሰጣትም። ከመሄዷ በፊት ጽሑፍዎን በጋዜጣው ላይ እንድታየው እፈልግ ነበር። አሁን አይደርስም መሰለኝ።

ሶልቪ


ሬይኪያቪክ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2024

ሶልቪ፣

ቃሌን አፍርሻለሁ። የኦርቫር ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ፤ ግልባጩ አይደለም፣ ራሱ ነው። ያንተ ነው።

ከመክፈትህ በፊት ይህን አንብብ። ጽሑፌ ለቅዳሜ ፌብሩዋሪ 3 ተዘጋጅቷል። አዘጋጁ አንብቦት "ይህን ካተምን ከዚህ በኋላ ዓምድ የለሽም" ብሎኛል። አውቃለሁ አልኩት። ውስጡ አንተ የለህም። ሰሜን ነፋስም የለም። የጭንቅላቱንም ቃል በኔ ስም ወስጄዋለሁ። እኔ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሰው ምን ብሎ ቢጠራኝ የሚጎድልብኝ ነገር ጥቂት ነው። አንተ አንድ ቃል ካልጻፍክልኝ ይታተማል።

ደብዳቤውን ሳትከፍት ምድጃ ውስጥ ብትጥለውም አልጠይቅህም። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ ሁለት ሳምንት አስቤ አላወቅኩትም።

ጌርዱር


ኢሳፊዮርዱር፣ ማርች 2 ቀን 2023

ጌርዱር፣

አድናቂዎችሽ ከሚጽፉልሽ ደብዳቤ መሃል ይህ የሚቀር እንዳይመስልሽ። እኔ ዓሣውን ወደ ኖርዌይ ያሰደድኩት ሰውዬ ነኝ።

አስቆኛል። የምሬን ነው። ወንበር ላይ ቆሜ ለወንድሜ ሳነብለት ሳቄ መጥቶ ማቆም ነበረብኝ፤ ቀጥሎ ግን የሳቁ ጫፍ ላይ ሌላ ነገር አገኘሁ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ዘፈኑ መጥፎ መሆኑን አውቅ ነበር። መጥፎ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር እንጂ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። ከጽሑፍሽ ሥር ስለ ዓሣ ጭንቅላት የተጻፈችውን አይተሻል? አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወዷታል፤ ያንቺን ከወደደው ይበልጣል፤ ይቅርታ። የጻፋት ወንድሜ ሶልቪ ነው። እንዴት አወቅክ በይኝ። ቀልዷ የኔ ናት። ያለፈው በጋ አብረን የዓሣ ማድረቂያው ርብራብ ላይ ጭንቅላት ስንሰቅል "እያቸው፣ በሦስተኛው ቀን ሁሉም አፋቸውን ይከፍታሉ፤ መዘምራን ይመስላሉ፣ ግን ድምፅ የላቸውም" አልኩት። በሳቅ ከመሰላሉ ወደቀ። ሰው ሁሉ ጭንቅላቱ እንደተሰቀለ አፉ የሚከፈት ይመስለዋል። ሦስት ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቅ የሰቀለ ሰው ብቻ ነው፤ መዘምራን ያልኩትን የሚያውቅ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ሁለት ቀን ገንፎውን ያለ ጨው ሰጠሁት። ግን አስቢው፤ ያን ምሽት የክፍሉ ልጆች በሙሉ በስልካቸው እየሳቁ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆንሽ፣ ሁሉም በወንድምሽ ሲስቁ፣ ከሁሉም ቀድመሽ ካልሳቅሽ ቀጥሎ የሚሳቀው ባንቺ ነው። እኔም በሱ ዕድሜ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። እሱ ግን ከኔ ይልቅ ያምርበታል። ዓረፍተ ነገሯን ተመልከቻት! አንድም ትርፍ ቃል የላትም። አንድ ቀን ያንቺን ወንበር ይወስድብሻል።

አንድ ቀን ራሱ ይነግረኝ ይሆናል። ጠይቄው እንዲናገር አልፈልግም፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጌ እተውለታለሁ። እንደማውቅ እንዳትነግሪው። በተለይ ለሱ አታሳዪው።

ለኔ አታስቢ። ምናልባት ባሕር እሄዳለሁ፤ ሙንዲ ሰው ጎድሎታል። ከልጆቹ ፊት መቆም ለጊዜው ከበደኝ። ባሕሩ ድምፄን ሰምቶ ምን እንደሚል ሄጄ አየዋለሁ።

ኦርቫር


ኢሳፊዮርዱር፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 2024

ጌርዱር፣

አዎ፣ እናቴ ሄዳለች። ብቻህን ነህ ወይ ብለሽ የላክሽው ካርድ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረሰኝ። አሁን አንቺ ብዬሻለሁ፤ ስድቡን መሸከም አቃተኝ።

ጽሑፍሽን አታትሚው። ለአዘጋጁም ደውዬ ነግሬዋለሁ። "አንተ ደግሞ ማነህ?" አለኝ። "ሰሜን ነፋስ" አልኩት። "አስተያየቶቹ እኮ ጠፍተዋል፤ ማንም አያገኝህም ልጅ፣ ተወው" አለኝ። ደግነቱ ነው መሰለኝ። ሁለተኛ መታሰቢያ ልጻፍ ስለው ደግሞ ስለ አንድ ሟች አንድ ሰው የሚጽፈው አንዴ ብቻ ነው አለኝ።

ደብዳቤውን ያነበብኩት አንድ ሳምንት በኪሴ ይዤ ከዞርኩ በኋላ፣ ትናንት ነው። ትናንት ፀሐይ የተመለሰችበት ቀን ነበር። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ በተራራው ጫፍ ስትወጣ ያያል፤ ለሦስት ደቂቃ ያህል። እናቴ እንደ ልማዱ ፓንኬክ ጋገረች። እንደ በፊቱ ለሦስት ሰው ሊጥ አቡክታ ስለነበር ተረፈን። ሙንዲ መጥቶ በላው። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና "ጃም ጨምር" አለችው። እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ያን ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ከፈትኩት።

የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ያውቅ ነበር። ገንፎዬን ሲያማስል፣ ማንኪያውን ይዞ "ክፈት" ሲለኝ፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አልፎ ዓሣ ሸትቶ ሲመጣ ያውቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ "አንተ ብትሆን ከሥሩ ምን ትጽፍ ነበር?" ሲለኝ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር ማለት ነው። ሠላሳ ስምንት ቅዳሜ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ጊዜ "ምንም" አልኩት። ቢቆጣኝ፣ ቢመታኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ይቅር ብሎኛል ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ይቅር የሚባለው የተናዘዘ ሰው ነው።

ያ ሁሉ ሰው ጭንቅላት በርሽ ላይ ሲሰቅል አውቅ ነበር። አንብቤ፣ ፎቶውን አይቼ፣ ተኛሁ። ስለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ዓሣው ኖርዌይ ይገባል ብለሽ የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ። እሱን አልወስድልሽም።

ለእናቴ ትናንት ማታ አውቶቡስ ከመሳፈሯ በፊት ነገርኳት። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። መልሳ አነሳችው። "ደርሼ እደውላለሁ" አለችኝ። አልደወለችም።

ዛሬ ጠዋት ይኸውልሽ። ማንም ሳይቀሰቅሰኝ በአንድ ሰዓት ተነሳሁ። ገንፎ ሠራሁ፤ አረረብኝ፤ ያረረውን በላሁት። የጉበት ዘይቱን በማንኪያ ቀዳሁና ራሴ አፌን ከፈትኩ። ከበሩ ጀርባ ኦርቫር ለሙንዲ ጀልባ ስም መጻፊያ የገዛው ጥቁር ቀለም አለ፤ ግማሹ ተርፏል። ብሩሹን ይዤ ጨለማውን ወደ ወደብ ወረድኩ።

መንጠቆ ቤቱ መብራት ነበረው። ሙንዲና ሌሎች ሁለት ሰዎች ሥራ ጀምረዋል። እኔ ከውጭ ቆሜ ክዳኑን በቁልፍ ስፈለቅቅ ሰምቶ ወጣ።

"ልጄ! ምን ልታደርግ ነው በዚህ ብርድ?" ግድግዳውንና ቀለሙን አየ። "ኧረ ይገባኛል። ለማጥፋት ከሆነ ግን ነጭ ነው የሚያስፈልግህ። ቆይ፣ ውስጥ ነጭ አለኝ።"

"አላጠፋውም።"

"ታዲያ?"

ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ነው፤ አንድም ፊደል አልለቀቀም። ከሥሩ በዚያው መጠን ጻፍኩ፤ "ይህን የጻፈው ሶልቪ ነው፣ የኦርቫር ወንድም።" እጄ ስለቀዘቀዘ የመጨረሻው ቃል ወደ ታች ተንሸራተተ። ሙንዲ በእጅ ባትሪው እያበራልኝ ነበር፤ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ሳያውቅ። ጨርሼ ዞር ስል ብርሃኑ አሁንም ግድግዳው ላይ ነበር። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው።

"የጀልባ ቀለም ነው" አለ። "አይለቅም።"

"አውቃለሁ።"

ከውስጥ አንዱ ሰውዬ "ሙንዲ፣ ማነው?" ብሎ ጮኸ። ሙንዲ ባትሪውን አጠፋ። ቀለሙን ከእጄ ወስዶ ክዳኑን በመዳፉ መትቶ ገጠመና መለሰልኝ።

"ሂድ፣ ትምህርት ቤት ይረፍድብሃል" አለኝ።

ልጄ አላለኝም።

ሶልቪ